የሚጠበቀው ቁጥር

ሁለት መቶ መጠይቅ በላስቲክ ተጠቅሎ
መጣ ከሜግና አፍ ደለል አንጠልጥሎ።
ሪድዋን ነው ያመጣው፣ እስከ ጉልበት ርሶ፤
«አንድም ቤት አልቀረኝ» አለኝ ፊቱን አብሶ።
ጥያቄው ሁለት ነው፣ አጭር፣ ያልከበደ፦
የዚያን ሌት ሳይረኑን ማን ሰማ? ማን ሄደ?

ባሪሳል ከተማ፣ ከሦስተኛው ፎቅ ላይ
ወረቀቱን ጫንኩት በብርጭቆ ሻይ፣
ማራገቢያው ነጥቆ እንዳይበትንብኝ፤
አራት ክፍል ቤትም በእርሳስ ሠራሁኝ፦
ሰምቶ የሄደ ሰው፣ ሰምቶ የቀረ፣
ሳይሰማ የሄደ፣ ሳይሰማ ያደረ።
በር የለው፣ ደጅ የለው፣ መስኮት የለበት፤
ሰው እየገባ ብቻ የሚቆጠርበት።

ሐጂ ቶፋዛል ጆሮው ከደነቆረ ቆይቷል፤
ዳክዬዎቹ ሲሸሹ አይቶ ተከትሏቸው ወጥቷል።
መምህር ኒርማል ሰምቷል፤
«አምናም እንዲሁ ጮኾ ነበር» ብሎ ብርድ ልብሱን ስቧል።
እነሱን ማስገባት አልቸገረኝም።

መቶ ሃያ ሰማ፤ ሰማንያው አልሰማም።
መቶ ሄደ፣ መቶ ቀረ፤ እንደ ሚዛን ድንጋይ።
ዳር ዳሩን ድምሩ እንዲህ ካሰረው
አንዱን ክፍል ስትሞላ ሌላው ያለቀ ነው።
ይህን «የነጻነት ደረጃ» ይሉታል፤
ከአራት ክፍል ለአንዱ ብቻ ይሰጡታል።
አንድ ነጻነት፣
ለደሴት ሙሉ ሰው።

ከዚያ ደግሞ አለ «የሚጠበቅ» ቁጥር፦
ጆሮና እግር ባይተዋወቁ፣
አንዱ የሰማውን ሌላው ባያውቅ ኖሮ፣
ከመቶ ሃያው ስልሳው ይሄድ ነበር።
«የተገኘው» ግን ስልሳ ሰባት።
ሰባት እዚህ ትርፍ፣ ሰባት እዚያ ጉድለት፤
ልዩነቱን በራሱ አባዝቼ፣ ለሚጠበቀው አካፍዬ፣
አራቱን ክፍል ደምሬ፣ መነጽሬን ወልውዬ
አየሁት፦ አራት ነጥብ ዜሮ ስምንት።
ድንበሩ ሦስት ነጥብ ስምንት አራት ነው። አለፍነው።
እንዲህ ያለ መራራቅ በዕድል ብቻ ቢመጣ
ከመቶ አራቴ ነው፤ ከአምስት የማይወጣ።

ዶክተር ሞሽፊቃ ከዳካ በስልክ፦
«ሳይረኑ ይሠራል! ጻፈው። ምሰሶ እናስጨምራለን።»

ልጽፍ ስል፣ መቶ አርባ ሦስተኛው ቅጽ።
አምቢያ ኻቱን። ዕድሜ፦ «በጎርፉ ዓመት የተወለድኩ»።
ሰምተሻል? አዎ። ሄደሻል? አዎ።
ከኅዳጉ ላይ፣ በሪድዋን ደቃቅ እርሳስ፦
«የመጠለያውን በር ከነካች በኋላ ተመለሰች።
ባሏ ከዓሣው አልገባም ነበር።
ፋኖስ ሰቅላ እስኪነጋ ጠበቀች።»

የሚጠበቅ ነበረ እሱ፤
የተገኘ ግን አይደለም።
ከሁለት መቶው መሀል ብፈልገው የለም፤
ባሕር የወሰደው ሰው መጠይቅ አይሞላም።

ከሄዱት አውጥቼ ከቀሩት ጻፍኳት።
ድምሩ ተናጋ፤ አራቱም ክፍል አዲስ ሒሳብ ጠየቀ፦
ሦስት ነጥብ ስድስት ሦስት። ከድንበሩ ወዲህ።
መለስኳት፤ አለፍን።
አወጣኋት፤ ቀረን።
የምሰሶው ገንዘብ፣ የእኛም ሊቅነት፣
የዶክተሯ ደስታ፣ የመንደሩ ጩኸት
ሁሉም አብሮ ዞረ
አንዲት ሴት በጨለማ በተረከዟ ስትዞር።

«የት እንጻፍሽ በላት» ብዬ ላክሁ ለሪድዋን።
ሦስት ቀን ፈጀ። ጀልባ አልነበረም።
መልሷ በአራተኛው መጣ፦ «በሩ ላይ ጻፉኝ።»
ቤቱን ያለ በር መሥራቴ ትዝ አለኝ።

ሁለቱንም ቁጥር ጻፍኩ።
ዶክተሯ ለረጅም ጊዜ ተነፈሰች በስልኩ፤
«ለጋሾች ሁለት ቁጥር አያነቡም» አለች።
አልተቆጣችም። ደክሟት ነበር መሰለኝ።

ማታ፣ በወደቡ በኩል፣
ለየወሩ ሙከራ ሳይረኑ ጮኸ።
ውሾች ተቀበሉት። ከታች አንድ ሱቅ መዝጊያውን አወረደ።
ሙከራ ይሁን የእውነት ማን ነገረኝ?
ሰማሁ።
ሻዩ ገና አልቀዘቀዘም ነበር።
አልተነሳሁም።